ዘለዓለምና ዘላቂ፤ ኤቨርላስቲንግ ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል የቀረበ ሐተታ

በሰዋስው ሥርዐት ቅጽል የሚባለው ቃል የስምን ጠባይ ይገልጻል እንጂ ከስሙ ተለይቶ ብቻውን መጠን አይሰጥም። ትልቅ ጕንዳን ቢባል ከትንሽ ጥጃ አይበልጥም፤ የትልቅነቱ ልክ ጕንዳን ከሚለው ስም ይመጣልና። ይህን ሕግ በትልቅና በትንሽ ላይ ሕፃንም ያውቀዋል። ወደ ዘመን ቅጽል ሲደርስ ግን ሊቅ የተባለውም ይዘነጋዋል፤ ዘለዓለም የሚለውን ቃል ባየ ጊዜ ከምን ስም ጋራ እንደ ቆመ ሳይመለከት መጨረሻ የሌለው ማለት ነው ብሎ ይደመድማል።

ነቢዩ ዮናስ በዓሣ ሆድ ሳለ የጸለየው ጸሎት ከመቶ አምሳው መዝሙር በኋላ ከነቢያት ጸሎት ጋራ ስለሚገኝ ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል። በዚያ ጸሎት ነቢዩ የምድር መወርወሪያዎች እንደ ተዘጉበት ይናገራል። ዕብራይስጡ ለዘለዓለም ተዘጉብኝ ይላል፤ ግሪኩም ቃሉን ወደ ቅጽል መልሶ መወርወሪያዎቹን ራሳቸውን ዘለዓለማውያን ብሏቸዋል። ዮናስ ግን በዚያ የቈየው ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ነው። ነቢይ ሐሰት ተናገረን ቢሉ፥ አይደለም፤ ከጥልቅ የወደቀ ሰው ዘመንን በፀሓይ መውጣትና መግባት ሊቈጥር አይችልም፤ የተዘጋው ደጅ በእርሱ ኃይል የማይከፈት ስለ ሆነ ዘለዓለም አለው። ቃሉ የቀኑን ቍጥር አልተናገረም፤ ደጁ በሰው እጅ የማይከፈት መሆኑን ተናገረ።

ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈለገው፥ እንግሊዞች ኤቨርላስቲንግ በሚሉት ቅጽል ላይ ብዙ ሰው ስለሚሰናከል ነው። ቃሉ ከሁለት የተጋጠመ ነው፤ ኤቨር ማለት ዘወትር፥ ላስቲንግ ማለት የሚቈይ ነው። በንጉሥ ያዕቆብ ቀዳማዊ ትእዛዝ ተተርጕሞ በ1611 በፈረንጅ አቈጣጠር የታተመው የእንግሊዝ መጽሐፍ ቅዱስ ዕብራይስጡ ዖላም ያለውን አንዱን ቃል አንድ ጊዜ ኤቨርላስቲንግ፥ አንድ ጊዜ ፐርፔቹዋል፥ አንድ ጊዜም ኢተርናል እያለ ይተረጕመዋል። አብርሃም በቤርሳቤህ ስሙን የጠራው አምላክ ኤቨርላስቲንግ ተባለ፤ የአሮን ልጆች ክህነትም በኦሪት ዘጸአት በ40ኛው ምዕራፍ ኤቨርላስቲንግ ተባለ። አምላክ አይሻርም፤ የአሮን ክህነት ግን እንደ ተለወጠ ቅዱስ ጳውሎስ ለዕብራውያን በጻፈው በ7ኛው ምዕራፍ ያስረዳል። ቅጽሉ አንድ ሲሆን ዕድሜው ሁለት የሆነበት ምክንያት ስሙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የነቢዩ የዕንባቆም ጸሎት ነገሩን ያበራዋል። በ3ኛው ምዕራፍ በ6ኛው ቍጥር እግዚአብሔር ቆሞ ምድርን በለካ ጊዜ ተራሮች እንደ ተበተኑ፥ ኮረብቶችም እንደ ዝቅ አሉ ይነግራል፤ ከዚያም ስለ እግዚአብሔር መንገድ ይናገራል። የ1611ዱ እንግሊዝኛ የሚበተኑትን ተራሮች ኤቨርላስቲንግ አላቸው፤ በዚያው ቍጥር የእግዚአብሔርንም መንገድ ኤቨርላስቲንግ አለው። ችኵል አንባቢ፥ የማያልፍ ተብሎ እንዴት ይበተናል ብሎ ይጠይቃል። የነቢዩም ነገር ይኸው ነው፤ ሰው ከአባቱና ከአያቱ ተምሮ የማይነቃነቅ ያለውን ተራራ ካስቀመጠ በኋላ፥ ያ ሲፈርስ የማይፈርሰውን ያሳያል። ቅጽሉን ሁለት ጊዜ ማዋሉ ከቃል ድኽነት አይደለም፤ ተራራው ስሙን እንደ ተበደረ፥ ባለቤቱ ሲመጣም እንደ መለሰ ለማሳየት ነው።

ስለዚህ ቍጥር ግን እንግሊዞቹን መንቀፍ ይገባል። በዕብራይስጥ ኮረብቶቹና የእግዚአብሔር መንገድ የተገለጹት ዖላም በሚለው ባንድ ቃል ነው፤ ተራሮቹ ግን ዓድ በሚባል በሌላ ቃል ተገልጸዋል። እንግሊዝኛው ይህን ገለበጠው፤ አንድ የነበረውን ለየና ኮረብቶቹን ፐርፔቹዋል አላቸው፤ ልዩ የነበረውን አንድ አደረገና ተራሮቹን ከእግዚአብሔር መንገድ ጋራ አስተካከለ። የነቢዩ ምሥጢር እንደ ዕድል ሆኖ አልጠፋም፤ ከኮረብታው ወደ ተራራው ተሻገረ እንጂ። ተርጓሚዎቹ በመጽሐፋቸው መቅድም ላይ አንዱን ቃል ሁልጊዜ ባንድ ቃል ለመተርጐም ራሳቸውን እንዳላሰሩ ገልጸዋል። ለንባብ ጣዕም ይህ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ለትርጓሜ ግን አደጋ አለው፤ እንግሊዝኛውን ብቻ የሚያነብ ሰው ልዩነት በሌለበት ልዩነት ይፈልጋልና።

አደጋው የከፋው በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ መጨረሻ ነው። ጌታ ስለ ኃጥኣን ቅጣትና ስለ ጻድቃን ሕይወት ሲናገር ግሪኩ ለሁለቱም አዮኒዮስ የሚለውን አንዱን ቅጽል አዋለ። የ1611ዱ እንግሊዝኛ ቅጣቱን ኤቨርላስቲንግ፥ ሕይወቱን ኢተርናል አለ። ከዚህ የተነሣ አንዱ ረዥም፥ ሁለተኛው መጨረሻ የሌለው ነው ወይ የሚል ጥያቄ ቢነሣ የሚደንቅ አይሆንም፤ ጥያቄውን የወለደው ግን ወንጌሉ ሳይሆን ተርጓሚው ነው። በ1881 በፈረንጅ አቈጣጠር የታተመው የታረመው የእንግሊዝ ሐዲስ ኪዳን ሁለቱንም ኢተርናል ብሎ አስተካከለው። የግዕዙ ሊቃውንት ግን መታረም አላስፈለጋቸውም፤ ከጥንት ዠምሮ ለሁለቱም ዘለዓለም ብለዋል። አውግስጢኖስም የእግዚአብሔር ከተማ በሚባለው መጽሐፉ በ21ኛው ክፍል፥ ባንድ ቍጥር ሁለት ጊዜ የተነገረውን አንድ ቃል በአንዱ በኩል አሳጥሮ በሌላው በኩል ማስረዘም እንደማይቻል ተከራክሯል።

አንድ ተጠራጣሪ፥ የዕንባቆም ኮረብታ ዘለዓለም ተብሎ ከቀለጠ ቅጣቱስ ስለምን አይቀልጥም ቢል፥ ጥያቄው የሰነፍ ጥያቄ አይደለም። መልሱ ግን ከላይ በተነገረው ሕግ ውስጥ አለ። የኮረብታውን ዕድሜ የምንለካው በኮረብታ ጠባይ ነው፤ ኮረብታ ፍጡርና የሚታይ ነው፤ ሐዋርያውም በ2ኛ ቆሮንቶስ በ4ኛው ምዕራፍ የሚታየው ሁሉ ጊዜያዊ መሆኑን ለይቶ ተናግሯል። በማቴዎስ ግን የተነጻጸሩት ተራራና አምላክ አይደሉም፤ ሁለቱም ከፍርድ በኋላ የሚመጡ፥ አንዱ ባንዱ አንጻር የቆመ ነው። የቅጽሉ ልክ ከስሙ የሚገኝ ከሆነ፥ ስሞቹ ባንድ ሚዛን ሲቀመጡ ልኩም ባንድ ሚዛን ይቀመጣል።

አሁን ወደ ገዛ ቃላችን እንመለስ። ዘለዓለም ግዕዝ ነው፤ ዘ የሚለው አገባብ በለ ላይ፥ ለም በዓለም ላይ ወድቀው የለዓለም የሆነ፥ እስከ ዓለም ያለ ማለት ነው። በግዕዝ ዓለም ሁለት ፍች አለው፤ አንድም ይህ የምናየው ፍጥረት፥ አንድም ዘመን ነው፤ ግሪኮች ግን ኮስሞስና አዮን ብለው በሁለት ቃል ይለዩታል። ያማርኛ ተናጋሪ ጆሮ የሚሰማው ፊተኛውን ብቻ ነው፤ ደግሞም ዓለሙን አየ ሲል ደስታንና ተድላን ጨምሮበታል። እንግዲህ ነገሩ ይገርማል፤ ዮሐንስ በመልእክቱ የሚያልፍ መሆኑን የተናገረለት ዓለም የማያልፈውን ነገር መጠሪያ ተሸከመ። አማርኛው የግዕዙን ዘለዓለም እንደ አንድ ስም ቈጥሮ ዳግመኛ ለ ጨመረበትና ለዘለዓለም አለ፤ በዚህም ሳይበቃው ዊ ቀጥሎ ዘለዓለማዊ አለ። ለዘለዓለም የሚለው አንድ አገባብ ሁለት ጊዜ የተሸከመ ቢሆንም ልማድ አጽንቶታልና አይነቀፍም። ዘለዓለማዊ የሚለው ግን በየስሙ ፊት እንደ ጌጥ ሲደረደር፥ ዘለዓለማዊ ክብር፥ ዘለዓለማዊ ወዳጅነት፥ ዘለዓለማዊ መታሰቢያ ሲባል፥ ሊነቀፍ ይገባል። መታሰቢያው ከድንጋይ ነው፤ ድንጋይም ከተራራ ወገን ነው።

ተራ ሰው ከጸሓፊ ይልቅ በዚህ ይጠነቀቃል። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፥ ከሚሴ ሳይደርሱ፥ ሰንበቴ የምትባል ከተማ አለች፤ የጅሌ ጥሙጋ ወረዳ መቀመጫ ናት። ከተማዋ ሰንበትን የሚያሰማ ስም ይዛ ገበያዋም በእሑድ መቆሙ ለካህን ጆሮ ቢከብድም፥ በገበያነቷ ስመ ጥር ናት፤ ከደጋ የሚወርደው አማራ፥ ኦሮሞው፥ አርጎባው፥ ከቆላ የሚመጣው አፋር ይገናኙባታል። እንዲህ ባለ ገበያ እህል የሚገዛ ሰው ይከርማል ወይ ብሎ ይጠይቃል እንጂ ዘለዓለማዊ ነው ወይ አይልም። ጤፍ ነቀዝ ስለማይደፍረው ይከርማል፤ በቆሎ ግን ካልተጠነቀቁለት አይከርምም። ይከርማል ማለት ክረምቱን አልፎ ለሌላ ዓመት ይደርሳል ማለት ነው፤ እንግሊዞች ከላቲን ወስደው ፔረኒያል የሚሉት፥ ትርጓሜው በዓመታት ውስጥ የሚያልፍ የሆነው ቅጽል፥ ከዚህ የተሻለ አማርኛ የለውም። ልብስ የሚገዛው ደግሞ ይበረክታል ወይ ይላል። የጊዜን ርዝመት በበረከት ስም መጥራት ከየትም ያልተዋሰ ያገር ጥበብ ነው።

እንግሊዞችም ኤቨርላስቲንግ የሚለውን ቃል ወደ ገበያ ያወረዱበት ጊዜ አለ። ለጫማ ላይኛ ክፍል የሚሆን ጽኑ የሱፍ ጨርቅ ኤቨርላስቲንግ ይባል ነበር። ዛሬም ሲደርቅ መልኩ የማይለወጥ አበባ በዚሁ ስም ይጠራል፤ ሄሊክሪሱም ከሚባለው ከዚሁ ወገን በሰሜንና በባሌ ተራሮች ላይ ይበቅላል። አበባው ግን መልኩን የሚጠብቀው ከሞተ በኋላ ነው።

በሰንበቴና በከሚሴ የሚነገረው ኦሮምኛ ስለ ዘመን ርዝመት በረ በራ ይላል፤ በራ ዘመን ነውና የዘመን ዘመን ማለት ነው። ይህም ከግዕዙ ዓለመ ዓለም ጋራ ባንድ መንገድ የተሠራ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋራ ደክሞ በ1899 በፈረንጅ አቈጣጠር ያሳተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል መጻፉ ሲታሰብ፥ ሁለቱ ልሳናት በፊደል ብቻ ሳይሆን በዘመን አቈጣጠር ሐሳብም ጎረቤት መሆናቸው ይታያል።

የሰንበት ስም ከተነሣ አይቀር፥ ኦሪት ዘጸአት በ31ኛው ምዕራፍ ሰንበትን የዖላም ቃል ኪዳን ይለዋል፤ እንግሊዝኛው በዚህ ፐርፔቹዋል ብሎ ሲተረጕም በዘፍጥረት 17 የግዝረትን ቃል ኪዳን ኤቨርላስቲንግ ብሏል። ያገራችን ሊቃውንት እንዲህ ባለ ነገር በቃል ጌጥ አልተጫወቱም። በ1352 በፈረንጅ አቈጣጠር በአርመን አገር ያረፉት የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት የቀዳሚት ሰንበት አትሻርም በማለታቸው ከሌሎች ተለይተው ብዙ መከራ ተቀበሉ፤ በ1450 በፈረንጅ አቈጣጠር በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ተወሰነ። አንድ ኪዳን እስከ መቼ ይጸናል የሚለው ጥያቄ ከመቶ ዓመት የሚያንስ ክርክር አላስከፈለም።

የዛሬው ክርክር ግን በሌላ ቃል ላይ ነው፤ እርሱም ዘላቂ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ መንግሥትና የትግራይ ሕዝብ ነጻ አውጪ ግንባር በፕሪቶሪያ የፈረሙት ውል በእንግሊዝኛ አርእስቱ ሁለት ቅጽሎች ይዟል፤ ሰላሙን ላስቲንግ፥ የጠብ መቆሙን ፐርማነንት ይላቸዋል። ባማርኛ ሲነገር ብዙ ጊዜ ለሁለቱም ዘላቂ የሚለው አንድ ቃል ይበቃል ይባላል። አይበቃም።

ፐርማነንት ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ መቀመጥ፥ መቅረት፥ መኖር ነው፤ በግዕዝ ነበረ ከሚለው ግሥ ጋራ ይገጥማል። ላስት የሚለው ግን በጥንታዊው እንግሊዝኛ ፍለጋን መከተል፥ በሌላው ዱካ መሄድ ማለት ነበረ፤ ጫማ ሰፊ ጫማውን የሚያበጅበት የእግር ቅርጽ እንጨትም ከዚሁ ሥር ላስት ተብሏል። እንግሊዞች ዛሬ ይህን ቢረሱትም፥ ላስቲንግ ማለት በሥሩ ዱካውን ሳይለቅ እስከ ፍጻሜ የሄደ ነው። አማርኛው ዘለቀም ከመንገድ የተወሰደ ነው፤ ቆላ ዘለቀ፥ ወደ ውስጥ ዘለቀ፥ ክረምቱን ዘለቀ ይባላል፤ ዠምሮ የማይፈጽም ሥራም አያዘልቅም ይባላል። ሁለት እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሕዝቦች ለአንዱ ሐሳብ አንዱን የመንገደኛ ምሳሌ መምረጣቸው የሚያስደንቅ ነው። የዕንባቆምም ዕብራይስጥ በ6ኛው ቍጥር ዖላም ያለው የእግዚአብሔርን አካሄድ ነው፤ ተራራው ቆሞ ሲፈርስ አካሄዱ አልፈረሰም።

እንግዲህ ውሉ በትክክል ሲተረጐም ተኵስ መቆሙ ነዋሪ ወይም ቋሚ፥ ሰላሙ ዘላቂ ሊባል ይገባል። ማቆም አንድ ጊዜ ከተደረገ በኋላ እንደ ተቀመጠ መኖር ብቻ ይበቃዋል፤ ሰላም ግን ተቀምጦ አይኖርም፤ በየዕለቱ ይሄዳል፥ ካልሄደም አልዘለቀም። ሁለቱን ባንድ ቃል መጥራት፥ ተኵስ የቆመበትን ቀን ሰላም የመጣበት ቀን አድርጎ ያስቈጥራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዘለዓለማዊ ሰላም ማለት ነው። ዘለዓለማዊ ሰላም የእግዚአብሔር ስጦታ ስለ ሆነ ሰው ሊፈርምበት አይችልም፤ የሰው ውል ይህን ስም ሲይዝ የሚዘልቅበትን ሥራ ያስረሳል፤ ዘለዓለማዊ ነው የተባለ ነገር ጠባቂ የሚያስፈልገው አይመስልምና።

ለሰንበቴ አካባቢ ሰው ይህ የሰዋስው ጨዋታ አይደለም። በ2011 እና በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና ባካባቢው በተነሣው ግጭት ሰው ሞቷል፥ ቤትም ተቃጥሏል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በሰሜን የተዠመረው ጦርነት በ2014 ዓ.ም. ከከሚሴ አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በዚያ አገር ሰላም ዘለቀ ወይስ አልዘለቀም የሚለው በወረቀት አይታወቅም፤ የደጋው ሰው ለእሑድ ገበያ በወረደበት መንገድ በሰላም መመለሱ፥ የቆላውም እንዲሁ፥ ይህ ነው የቃሉ ፍች። ዘላቂ የሚለውን ቃል የሚጽፉ ሁሉ ሥሩ ዘለቀ መሆኑን ቢያስቡ፥ ከቃሉ በፊት መንገዱን ይጠይቁ ነበር።

አንድ ነገር ቀርቷል። ዕብራይስጥ ኤይታን የሚባል ሌላ ቅጽል አለው፤ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ወንዝን ይገልጻል። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ8ኛው ምዕራፍ የተጠቀሰው ሰባተኛው ወር ኤታኒም የተባለው ከዚሁ ነው። ነቢዩ አሞጽ በ5ኛው ምዕራፍ ጽድቅ እንዲፈስ የሚሻው እንዲህ እንዳለ ወንዝ ነው። የ1611ዱ እንግሊዝኛ ኃይለኛ ወንዝ ብሎ ተርጕሞት ነበር፤ ይህም ነቢዩን አሳጥቶታል፤ ኃይለኛስ የክረምት ጐርፍም ኃይለኛ ነው፥ በጥቅምት ግን ጠጠሩ ብቻ ይቀራል። በ1952 በፈረንጅ አቈጣጠር የታተመው የታረመ ትርጕም ሁልጊዜ የሚፈስ ብሎ አቀናው።

ይህ ቅጽል በመዝሙረ ዳዊት ደግሞ ሌላ ዕጣ ገጥሞታል። በ73ኛው መዝሙር፥ በዕብራይስጥ ቍጥር በ74ኛው፥ እግዚአብሔር የማይደርቁትን ወንዞች እንዳደረቀ ይነገራል። የግሪኩ ተርጓሚ ቃሉን ሳይተረጕም የአገር ስም መስሎት ኤታም ብሎ እንዳለ ጻፈው፤ ግዕዙም ግሪኩን ተከትሎ አፍላገ ኤታም አለ። ስንት ደቀ መዝሙር ኤታም በየት በኩል ነው ብሎ ጠይቆ ይሆን? ምሥጢሩ ግን የጠፋው እዚህ ላይ ነው፤ የደረቀው ወንዝ ስሙ ያልታወቀ የሩቅ አገር ወንዝ አይደለም፤ ይደርቃል ተብሎ የማይታሰበው ነው። የከሚሴ መምህር ይህን ቃል ለማስረዳት ካርታ አያስፈልገውም። በጥር ወር፥ ትንንሾቹ ወንዞች አሸዋ ሆነው ሳሉ፥ ደቀ መዝሙሩን ወደ ቦርከና ይዞት ቢወርድ፥ ከአፋር ቆላ የመጡት ከብቶች በጨፋው ረግረግ ሣር ሲግጡና ውኃው ወደ አዋሽ ሲወርድ ያሳየዋል።